ዕቃው ከነቃሉ፦ የአዲስ አበባ ቤተ መዘክሮችና የሰሜን ሸዋ ቅርስ

(በደብረ ብርሃን ከተማ ለመምህራን፣ ለካህናትና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

ስለ ሙዚየም እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ቃሉ ነው። «ሙዚየም» የምንለውን ነገር የቀደሙት ጸሐፊዎች «ቤተ መዘክር» ብለውታል። መዘክር «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ ቤቱ የዕቃ ማከማቻ ሳይሆን የማስታወሻ ቤት ነው ማለት ነው። በ1936 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተቋቋመው ብሔራዊ ተቋም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ይባል ነበር፤ ሕዝቡ ስሙ ሲረዝምበት የፊተኛውን ክፍል ጣለና «ወመዘክር» የሚለውን ብቻ አስቀረ። እስከ ዛሬም ተማሪው «ወመዘክር ሄጄ ላንብብ» ይላል። በግእዝ «ወ» ማለት «እና» መሆኑን ለሚያውቅ ሰው አነጋገሩ ፈገግ ያሰኛል፤ «እና ማስታወሻ ሄጄ ላንብብ» እንደ ማለት ነውና። የእኔም ንግግር በዚያች «ወ» ላይ ያረፈ ነው። ዕቃውን እናያለን፤ ከዕቃው ጋር አብሮ መሄድ የነበረበት መዘክር፣ ማለትም ማን ሠራው፣ ማን ሰጠው፣ ከየት መጣ፣ ለምን አገለገለ የሚለው ቃል ግን ብዙ ጊዜ አብሮት የለም።

ስለ አዲስ አበባ ሙዚየሞች ለደብረ ብርሃን ሰው ማውራት ስለ ባዕድ አገር ማውራት አይደለም። ከዚህ እስከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በታሪክ መንገድ ስንሄድ ርቀቱ ከዚያም ያጥራል። ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም የተወለዱት እዚሁ ጎረቤታችን አንጎለላ ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ አንኮበር ነበረች፤ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በ1879 ዓ.ም ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ስለዚህ ትልቋ ከተማ የዚህ ደጋ ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ልጅ ጎጆ ስትወጣ ከእናቷ ቤት ዕቃ ይዛ መሄዷ ያለ ነው፤ ቅሬታዬ ዕቃው በመሄዱ አይደለም።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አንድ ሙዚየም ብቻ ለማየት ጊዜ ቢኖረው ወደ ስድስት ኪሎ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም እንዲሄድ እመክረዋለሁ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው ቦታ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ማርሻል ግራዚያኒ በዚያ ግቢ ለድሆች ገንዘብ በሚያስመጸውትበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ ጣሉበት፤ ከዚያም በከተማዋ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት የሚታወቅ ነው። የነገሩ ሰንሰለት ግን በከተማዋ አላበቃም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጀ። ከገዳሙ የተያዙት ዲያቆናት ወደዚህ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው እንግጫ በተባለ ቦታ ተገደሉ፤ ኢጣሊያኖቹ በራሳቸው ቴሌግራም ያመኑት 129 ዲያቆናትን ነው፤ ቆየት ብለው የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የሟቾቹ ጠቅላላ ቁጥር ኢጣሊያኖቹ ካመኑት እጅግ እንደሚበልጥ ያሳያሉ። እንግዲህ በስድስት ኪሎ አደባባይ ያለው የየካቲት 12 ሐውልትና እንግጫ የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች ናቸው። አንዱ ጫፍ ሐውልት፣ አደባባይና በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን አለው። ስለ ሁለተኛው ጫፍ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ «አረንጓዴው ሳሎን» የሚባል ክፍል ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ሲከሽፍ በዚያ ክፍል ከተገደሉት ሹማምንት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ በአምስቱ ዓመት የሸዋን አርበኞች ይዘው በእነዚህ ገደሎችና አምባዎች ጠላትን ዕረፍት የነሱት ሰው ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ይዞ ኋላ በዚያ ቤት ገባ። ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ፤ ሙዚየሙንና ቤተ መጻሕፍቱን በየገበያው እየዞሩ፣ መስቀሉን፣ ሥዕሉን፣ መጽሐፉን እየለቀሙ ያቋቋሙት ደግሞ ስታኒስላው ሆይናትስኪ የተባሉ ፖላንዳዊ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት እንደ ነበረ ተጠብቆ ይታያል። ከዚያ ወጣ ሲባል የገበሬው ሞፈርና ቀንበር፣ የእናቶች ማንገቻና አንቀልባ ይታያሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ንጉሡም ገበሬውም መገኘታቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ስለ ሙዚየሙ አደረጃጀት ግን ቆም ብዬ አንድ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። የባህል ዕቃዎቹ የተደረደሩት በክፍለ ሀገር ወይም በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ልጅ የዕድሜ ጉዞ ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነሥቶ በትዳርና በሥራ አልፎ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ድረስ። ይህ ብልህ አሠራር ነው። ጎብኚው «የእነርሱ» እና «የእኛ» ሳይል፣ የኮንሶን የመቃብር ሐውልትና የደጋውን የለቅሶ ሥርዓት ጎን ለጎን እያየ፣ ሰው በየትም ሰው መሆኑን ይረዳል። ነገር ግን ብልሃቱ ዋጋ አለው፤ ዕቃው ከሰው ዕድሜ ጋር ሲቀራረብ ከወንዙና ከመንደሩ ይርቃል። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። የትልቅ ከተማ ሙዚየም ለመላው አገር የሚናገር ስለሆነ የእያንዳንዱን ቀበሌ ቃል ሊሸከም አይችልም። ያንን ቃል መሸከም የቀበሌው ድርሻ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ወደዚያ የሚያመራ ነው።

ወደ አምስት ኪሎ ወረድ ስንል ብሔራዊ ሙዚየምን እናገኛለን። ስለ ድንቅነሽ ብዙ ስለተባለ አልደግመውም፤ አንድ ነጥብ ብቻ ልውሰድ። በ1967 ዓ.ም በአፋር፣ በሃዳር ስትገኝ ከአጽሟ የተረፈው 40 በመቶ ያህሉ ነበር። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ኖራለች የምንለው አጥንቱን አገላብጠን አይተን አይደለም፤ ከበላይዋና ከበታችዋ የነበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ተመርምሮ ነው። አንድ ሰው ያንን አጥንት ከመሬት መንግሎ፣ የተገኘበትን ቦታ ሳይናገር አዲስ አበባ አምጥቶ ቢሸጠው ኖሮ ድንቅነሽ አሮጌ አጥንት ብቻ ሆና በቀረች ነበር። ዕድሜዋን የነገረን የተኛችበት አፈር ነው።

ይህ ለአፋር ብቻ የሚነገር አይደለም። በመንዝ በምስሐለ ማርያም አካባቢ ተመራማሪዎች የቆፈሯቸው የጥንት መቃብሮች አሉ፤ ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት በዚህ ደጋ የኖሩ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያልነበሩ ሰዎች ሙታናቸውን በድንጋይ ክምር ሥር ከዶቃና ከሸክላ ጋር የቀበሩባቸው ናቸው። ተመራማሪዎቹ ይህን «የሻይ ባህል» ብለው ሰይመውታል፤ ሻይ እዚህ ላይ መጠጡ ሳይሆን የአካባቢው ወንዝ ስም ነው። ከመስተዋት የተሠሩት ዶቃዎች ከባሕር ማዶ በንግድ የመጡ ስለሆኑ፣ ተነጥሎ የቀረ ነው የምንለው ደጋ በዚያ ዘመን ከዓለም ገበያ ጋር ግንኙነት እንደ ነበረው ይመሰክራሉ። ከዚህ ወደ ቆላው ስንወርድ ደግሞ በሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ በጥንቱ የይፋት ሱልጣኔት ምድር፣ እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ የፈረሱ ከተሞች መስጊዶቻቸው በድንጋይ ግድግዳ እንደ ቆሙ ይታያሉ። ስለ ሰሜን ሸዋ ቅርስ ስናወራ ከገዳምና ከቤተ መንግሥት አልፈን የማንሄድ ሰዎች ብዙ ነን፤ እኔም ራሴ ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ነበርሁ። የይፋትን መስጊድ ያልያዘ የሰሜን ሸዋ ቤተ መዘክር ግማሽ ቤት ነው። አንድ ወርቅ ፈላጊ በሌሊት የድንጋይ ክምሩን ፈንቅሎ ዶቃውን ለቅሞ ሲሄድ የሚያገኘው ጥቂት ብር ነው፤ የሚያጠፋው ግን ሌላ የጽሑፍ ምስክር ያልተወለትን ሕዝብ ብቸኛ ቃል ነው።

አሁን ወደ ራሴ ገጠመኝ ልምጣ። ለብዙ ዓመታት የቅርስ ዕቃ በመመዝገብ ሥራ ላይ ነበርሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም መጋዘን ውስጥ አንድ ቀን ጥቁር በርኖስ አገኘሁ። ከበግ ጸጉር የተሸመነ፣ በቀኝ ትከሻው ላይ ሹል ብሎ የወጣው ጫፉ ያልተበላሸ፣ ጥቂት ብል የበላው ቢሆንም የሠሪው እጅ የሚታይበት ነበር። ካርዱን ገለበጥሁት፦ «በርኖስ። ሸዋ።» ከዚህ ሌላ ምንም የለም። የመንዝ ይሁን የተጉለት፣ ሠርግ የተለበሰበት ይሁን ዘመቻ፣ ባለቤቱ ሰጥቶት ይሁን ተቸግሮ ሸጦት፣ ዓመተ ምሕረቱ መቼ ይሁን፣ አንድም ቃል አልተጻፈም። ሰው ተወልዶ ያደገበትን፣ ያረጀበትን ነገር ሁሉ አውልቀን «ሰው። ሸዋ።» ብለን ብንጽፍለት ምን ይሰማው ይሆን? ካርዱን የጻፈው ሠራተኛ ሰነፍ ነበር አልልም፤ ምናልባት በዚያ ቀን ሁለት መቶ ዕቃ ጽፎ ይሆናል፣ ምናልባትም ያመጣው ሰው ራሱ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነበር። ጉድለቱ የደረሰው ዕቃው ከተማ ከመግባቱ በፊት ነው። ከቤቱ ሲወጣ ቃሉን የጻፈለት ሰው አልነበረም።

የሚገርመው ግን የመመዝገብን ልማድ ከማንም የምንማረው አለመሆኑ ነው። ካህናት አባቶቻችን እዚህ አሉ፤ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። በጥንታዊ አድባራት «ወንጌለ ወርቅ» የሚባል የወንጌል መጽሐፍ ነበር። ቃለ ወንጌሉ ባልያዘው ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ንጉሡ የሰጠው ርስት፣ ወይዘሮዋ ያበረከተችው ግምጃ፣ የደብሩ ጽዋና መስቀል፣ የምስክሮቹ ስም ሳይቀር ይጻፍበት ነበር። መጨረሻው ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» ይላል፤ የሰረቀው ብቻ ሳይሆን የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ዕቃውን የሰረቀና ጽሑፉን የፋቀ እኩል ተወግዘዋል። ይህ ቤተ መዘክር የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው የጻፈው ነው። ቄሰ ገበዙም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሲረከብ በቁጥር ይረከባል፣ ሲያስረክብም በቁጥር ያስረክባል። የሙዚየም ትምህርት ቤት ዛሬ የሚያስተምረው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም፤ ስሙን ለውጦታል እንጂ።

በዚህ ረገድ በደንብ የተሠራ አንድ ሥራ ልጥቀስ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ አንድ ታላቅ ሥራ ተጀመረ፤ በቤተ ክርስቲያንዋ ይሁንታ የተካሄደው ይህ ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍትን አነሣ፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ ከሸዋ አድባራትና ገዳማት የተገኙ ናቸው። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ወደሚገኝ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። እነዚያን ፊልሞች ገጽ በገጽ አንብበው ካታሎግ በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን የሰጡት የሸንኮራው ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ2013 ዓ.ም ዐረፉ። የካታሎጉ ትልቁ ነገር እያንዳንዱ መጽሐፍ የየትኛው ደብር እንደሆነ መጻፉ ነው። በሚኒሶታ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ የሚያነብ ተማሪ የሚያነበው መጽሐፍ በሸዋ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ያውቃል። ዕቃው በቤቱ ቀርቶ ቃሉ ነው የተጓዘው። በርኖሱ ላይ የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነበር።

አዳዲሶቹን ሙዚየሞች ሳልጠቅስ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። በ2012 ዓ.ም በታላቁ ቤተ መንግሥት የተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም በፒያሳ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተማዋን አስውበዋል፤ ልጆች ይጎርፉባቸዋል፤ መልካም ነው። በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ግን ሕንፃው ትልቅ ሳይሆን ያዩትን ሰዎች አንገት ያስደፋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ስም አለው። ከሁሉም የምወደው በዚያው አካባቢ በድሮው የራስ ብሩ ቤት ውስጥ ያለውን፣ ከተማዋ መቶ ዓመት ስትሞላ በ1979 ዓ.ም የተቋቋመውን የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። ጎብኚ አይበዛበትም፤ ወለሉ ሲረገጥ ይንቋቋል፤ ነገር ግን አንድ ከተማ ስለ ራሷ ብቻ የምትናገርበት ቤት ስለሆነ ለእኛ ምሳሌ የሚሆነን እርሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል፤ መዝገብ ሲጠናቀቅ ግን ሪባን የሚቈርጥለት የለም። በዚህ የተነሣ በአገራችን ሕንፃው ዕቃውን፣ ዕቃውም መዝገቡን ይቀድማል።

እንግዲህ በደብረ ብርሃን ሙዚየም ይሠራ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ እኔ የምለምነው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ዕቃ ከቦታው አይነቃነቅ። የሚሰበሰበው ቃሉ ይሁን። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ ከመድረሳ ልጆችም የተውጣጡ ወጣቶች ደብተር ይዘው ወደ አንኮበር፣ ወደ መንዝ፣ ወደ አልዩ አምባ ይውጡ። ዕቃው ምን ይባላል፣ በአካባቢው አነጋገር የየክፍሉ ስም ማን ነው፣ ማን ሠራው፣ ከማን ወረሰው፣ መቼ ይወጣል፣ መቼ ይከተታል፣ ማን እንዲነካው ይፈቀዳል፤ ይህን ይጻፉ። በመንዝ ጸጉሩን የምትፈትለው እናት፣ ባናውንና በርኖሱን የሚሸምነው ሸማኔ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ከሥራቸው ይልቅ ስለ ሥራቸው የሚያውቁት ቀድሞ ያልቃል።

ካህናቱ «ተመዝግቦ ይወሰድብናል» ብለው እንደሚፈሩ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ይሁን እንጂ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በማንኛውም ሰውም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ መመዝገብ ባለቤትነትን አያሳጣም። እንዲያውም ያልተመዘገበ ዕቃ ሲሰረቅ «የእኔ ነው» ለማለት ማስረጃ አይኖርም። መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በባለቤቱ ዘንድ፣ አንዱ በወረዳው፣ አንዱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።

ስለ ሕንፃም አንድ ቃል ልጨምር፤ ምክንያቱም አንድ ቀን መሠራቱ አይቀርም። ብራና ሕያው ቆዳ ይመስል ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በየቀኑ ሲነፋና ሲኮማተር የተሣለበት ቀለም ይረግፋል። የደብረ ብርሃንን አየር እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ውርጭ፣ ቀትር ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ። በእንዲህ ያለ አገር ስስ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ የመጽሐፍ ጠላት ነው። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ፣ ጠባቡ መስኮት፣ የሣር ክዳኑ ብርድና ሙቀቱን ያለዝበው ነበር። አርክቴክቱ ከአዲስ አበባ መስተዋት ከማምጣቱ በፊት የአንድ አሮጌ ዕቃ ቤት ግድግዳ ስንት ክንድ እንደሚወፍር ቢለካ መልካም ነው።

ከንግግሩ በኋላ በርካታ ጥያቄዎች ቀርበው ነበር። አንዲት መምህርት ሙዚየም ስለ ሞተ ነገር ብቻ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አንኮበር በጥቅምት 1925 ዓ.ም የተወለደውን ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ጠቅሼ መለስሁላት፤ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት የመስተዋት ሥዕሎቹ በመላው አፍሪካ ይታወቃሉ፤ የተወለደባት ከተማ ግን ስለ ልጅነቱ የሚያውቁ ሰዎችን ገና አልጠየቀችም።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሡት በርኖስ የለበሱ አንድ አባት ነበሩ። «ልጄ፣ ያ በርኖስ ለምን አይመለስም?» አሉኝ። «አባቴ፣ ለየትኛው ቤት ብዬ ላስመልሰው? ካርዱ የሚለው ሸዋ ብቻ ነው» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ፎቶግራፉን አምጣልኝ። ድሩንና የትከሻውን አሰፋፍ ካየሁ፣ የማን አገር ሸማኔ እንደሠራው ባልነግርህ እንኳ የሚነግርህን ሰው አሳይሃለሁ» አሉኝ። ከጥምቀት በፊት ይዤላቸው እንደምመጣ ቃል ገብቻለሁ።